ዝናብ ሳይመጣ የሚሸጥ ቤት



ይህን የምጽፍላችሁ ከጻካኔ ነው። ጻካኔ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ከብራክፓን አለፍ ብሎ ያለ ታውንሺፕ ነው፤ ዱዱዛና ክዋቴማ ጎረቤቶቹ ናቸው። አሁን ነሐሴ ነው። አገር ቤት ስትደውሉ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ በስልኩ ውስጥ ትሰሙ ይሆናል። እዚህ ግን ከግንቦት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። "ክረምት" የሚለው ቃላችን እዚህ አገር ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል። የእኛ ክረምት ጭቃና ጎርፍ ነው፤ የእነርሱ ደግሞ ቀን ጠራራ ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ብርድ። ሐምሌ 2015፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 10 ቀን 2023፣ ጆሃንስበርግ ላይ በረዶ ዘንቦ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ሲያዩ ነበር። ከ2012 ወዲህ እንዲህ ያለ በረዶ አልታየም ነበር።

ቤታችንን ልንሸጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት የኖርንበትን ቤት። ልጆቹ አድገዋል፤ መድረሳና መስጂድ በእግር ወደሚደረስበት ወደ ሜይፌር ልንጠጋ አስበናል። ከዚህ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ በየሳምንቱ ማመላለሱ አድክሞናል። የባለቤቴ ስፓዛም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስፓዛዎች በሙሉ በአዲስ መልክ ይመዝገቡ ከተባለ ወዲህ ስንት ወረቀት ይዘን ስንት ቢሮ እንደተሰለፍን የእሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው፣ ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።

በዚህ አገር ሰው ቤቱን ለገበያ ማውጣት የሚወደው በጸደይ ነው። ጸደይ ሴፕቴምበር 1 ገባ ይባላል፤ ከእኛ እንቁጣጣሽ በአሥር ቀን ይቀድማል። ኮክ ያብባል፣ ቢጫው ሣር ሥሩ ላይ አረንጓዴ ማውጣት ይጀምራል፣ ሰውም ከብርድ ወጥቶ ቤት ማየት ያምረዋል። ስለዚህ ክረምቱን ያሳለፍነው አንድ እጃችን ማሞቂያ ላይ፣ አንድ እጃችን ብሩሽና ወረቀት ላይ ሆኖ ነው።

ስለ ብርዱ ትንሽ ልበላችሁ፤ ምክንያቱም የቤትን ጠባይ ያወቅሁት በክረምት ነው። እዚህ ከምድር ወገብ በታች ስለሆንን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ እንኳ አናት ላይ አትወጣም፤ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ በመስኮት ዘልቃ ትገባለች። መስኮቱ ወደ ሰሜን የሆነ ክፍል እስከ ዳር ድረስ ይሞቃል። ወደ ደቡብ የዞረው ክፍል ግን ወራቱን ሙሉ ፀሐይ ሳያይ ይከርማል። አገራችን ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም "ቤቱ ወዴት ዞሯል?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም፣ እዚህ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት። እኔን ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ቂብላችንም ወደ ሰሜን ነው፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ክረምት ላይ ዙህር ስሰግድ ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነው። ሳሎናችን ወደዚያው ስለዞረ መስገጃዬን ሰኔ ላይ የት እንደማነጥፍ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሜትር ተኩል ከመስኮቱ።

ቀኑም አጭር ነው። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ መግሪብ የሚገባው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ። የረመዳን ቀዳ ያለባችሁ እህቶች፣ ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ በሰኔ ቀን እንዴት እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፤ እኛ እዚህ በዚያው ወር አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ጾመን እናፈጥራለን። ቀዳዬን ሁሌ የምጨርሰው በዚህ ብርድ ነው፣ ውሃ ጥምም የለውም።

አስቸጋሪው ማሞቂያው ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪውን ይበላዋል። የጋዝና የላምባ ማሞቂያ ይረክሳል፤ ግን እሳቱ ራሱ ውሃ ያወጣል። አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤት ውስጥ ይለቃል። ያ እንፋሎት ሌሊት ወደ ቀዝቃዛው የደቡብ ግድግዳ ሄዶ ጠብታ ይሆናል፣ ከዚያ ሻጋታ፣ ከዚያ የልጅ ሳል። መጀመሪያ የመጣን ዓመት "ዝናብ በሌለበት አገር ግድግዳው ከየት ነው የሚረጥበው?" ስንል የቀኝ ጎረቤታችን ጎጎ ናቸው ያስረዱን። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሰባዎቹን ያለፉ እናት ናቸው፣ እኔን እስካሁን "ማኮቲ" ነው የሚሉኝ፣ ሙሽራ ማለታቸው ነው፣ ሦስት ልጅ ወልጄም። "ጠዋት ጠዋት ብርድ ቢሆንም መስኮት ክፈቺ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ጎጎ የሚሞቁት በኢምባውላ ነው። የተበሳሳ ጣሳ ነው፣ የእኛን የከሰል ምድጃ ይመስላል፤ ደጅ ላይ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ሲያልቅ ይከበባል። አንዳንድ ሰው ፍሙን ይዞ ገብቶ በር ዘግቶ ይተኛል፣ በዚያውም የማይነቃ አለ። የከሰል ጢስ ሲያልቅ የሚቀረው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ አገር ቤትም ስንት ቤተሰብ አጥተንበታል። እባካችሁ፣ የትም አገር ብትሆኑ፣ ፍም ይዛችሁ አትተኙ።

ወደ ሽያጩ ልመለስ።

ቤት ለመሸጥ ከቀለም በፊት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ካርታው ነው፤ በማን ስም ነው የተመዘገበው? እኛ ቤቱን ስንገዛ ግማሹ የእቁብ ብር ነበር፣ ሌላው ግማሽ የእኔ የመህር ወርቅ። ወለድ ላለመንካት ባንክ አልሄድንም። ያኔ ባለቤቴ "በእኔ ስም ይሁን፣ ለወረቀቱ ይቀላል" ብሎ ነበር። አባቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ከኮምቦልቻ በስልክ "ወርቁ የማን ነበር?" ብለው ብቻ ጠየቁ። ካርታው ላይ የሁለታችንም ስም አለ። ዛሬ ውሉን ያለ እኔ ፊርማ መሸጥ አይቻልም፤ ይህን የምጽፈው ባለቤቴን ለማማት አይደለም፣ እሱም ዛሬ ደስ ይለዋል። በኒካሕ ብቻ የተጋባን ሴቶች እዚህ አገር ለብዙ ዘመን ሕጉ እንደ ባለትዳር አይቆጥረንም ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህን ስሕተት ነው ያለው ጁን 28 ቀን 2022 ነው፣ የፍቺ ሕጉም በ2024 ተሻሽሏል። ሕጉ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ የካርታው ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ሳትሄዱ ይናገርላችኋል። የእናንተን ካርታ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ታውንሺፕ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቤት በካርታ አይሸጥም። ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ ሄደው በመሐላ ወረቀት "ሸጫለሁ፣ ገዝቻለሁ" ይባባላሉ፣ ብር ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ወረቀቱ ማኅተም ስላለው ሰው ያምነዋል። በሕጉ ግን የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍና በፊርማ ካልሆነ አይጸናም፤ ባለቤትነቱም የሚዞረው በዲድስ ቢሮ ሲመዘገብ ነው። መንግሥት በነጻ የሰጣቸው ቤቶች ላይ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ፤ ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ለሌላ ሰው ከመሸጡ በፊት ለመንግሥት ማቅረብ አለበት። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የሻጩ ወራሾች መጥተው ያስወጧቸው የአገራችን ልጆች አሉ። ብድርን መጻፍ፣ ምስክር ማቆም በበቀራ ምዕራፍ ትልቁ አንቀጽ የመጣ ጉዳይ ነው፤ እኛ ግን "ወንድሜ ነው፣ አይክደኝም" እያልን እንተወዋለን።

ከካርታው ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምስክር ወረቀት ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥቶ ሽቦውን ይመረምራል፣ ለዝውውር ከ2 ዓመት ያላለፈው መሆን አለበት። የእኛ ምድር ቤት የሌለው የአራት ክፍል ቤት ቢሆንም ከኋላ ባከራየነው ክፍል ውስጥ የቀድሞ ተከራይ በራሱ እጅ የዘረጋው ሽቦ ተገኝቶ እሱን ማስቀየር ነበረብን። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ውዝፍ አለመኖሩን የሚያሳይ ማረጋገጫ አለ፤ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ግብር፣ የሁለት ዓመቱ ተጣርቶ ካልተከፈለ ዝውውሩ አይመዘገብም። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ የሚያገለግለው ለ60 ቀን ነውና ገዢ ሳይገኝ ቀድሞ ማውጣቱ ጥቅም የለውም፤ ነገር ግን ሒሳቡን በክረምት ማጣራት ይቻላል። እኛ ጋ የውሃ ቆጣሪው ቁጥር ከሌላ ቤት ጋር ተምታቶ ሁለት ወር ፈጀብን። ዝውውሩን የሚሠራውን ጠበቃ በልማዱ የሚመርጠው ሻጭ ነው፣ የሚከፍለው ገዢ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ደላላው ያመጣለትን ጠበቃ ይቀበላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ከኋላ ያለው ክፍል ጣሪያ ነበር። ያ ክፍል ከዋናው ቤት ጋር በኋላ የተቀጠለ ነው፤ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል በየበጋው ያፈሳል። የዚህ አገር ዝናብ በእነርሱ በጋ ነው የሚመጣው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና መብረቅና ጠጠር በረዶ ይወርዳል። ሁልጊዜ አያፈስም። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ባልዲ እናስቀምጣለን። ኮርኒሱ ላይ የፈሰሰ ሻይ የመሰለ ክብ ምልክት አለ።

አሁን አስቡት። ክረምቱ ደረቅ ነው። በሴፕቴምበር ብንሸጥ ገዢው ቤቱን የሚያየው በፀሐይ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ኮርኒሱን ያነጣዋል። ዝናቡ ሲመጣ ቁልፉ በእነርሱ እጅ ነው። ከጸደይ የተሻለ ጊዜ የለም የሚሉት ለአበባው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ደላላው ቤቱን ሊያይ መጥቶ ምልክቱን ሲያይ ሳቀ። "ቀለም ቀቡት እንጂ። በኦገስት ማን ዝናብ ያያል?" አለ። እሱ ከሄደ በኋላ እኔና ባለቤቴ ሳሎን ተቀመጥን፤ ልጆቹ ተኝተዋል፣ የጋዙ ማሞቂያ እየተንተከተከ። ቃል በቃል ባልይዘውም ንግግራችን እንዲህ ነበር።

"ካልጠየቁን ምን አገባን?" አለ።

"ከጠየቁንስ?"

"ከጠየቁን እንናገራለን። አልዋሽም።"

"አንተ ስፓዛው ውስጥ ቀኑ ያለፈ ወተት ከፊት ደርድረህ 'ካልጠየቁኝ' ትላለህ?"

ዝም አለ። እሱ በሱቁ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቀኑ ያለፈ ዕቃ ራሱ አውጥቶ የሚጥል። ግን የወተቱ ዋጋ 20 ራንድ ነው፣ የቤቱ ግን የዘጠኝ ዓመት ድካም። እኔም ብሆን እንዲህ ስናገር ሆዴ አልቀለለኝም። የሜይፌር ኪራይ ከዚህ በብዙ እጥፍ ነው፤ ተቀማጭ ይጠይቃሉ፣ የመድረሳ ክፍያ አለ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙበት ታሪክ አለ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው እህሉን ያረጠበው ምን እንደነበር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ዝናብ ነበር። ሻጩ ያን ያህል ክፉ ሰው አይደለም፣ ዝናብ ነካው ብሎ እውነቱን ተናግሯል፤ የተጠየቀው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም፣ ሰው እንዲያየው፣ ተብሎ ነው። ባለቤቴ "ካልጠየቁን" ያለው ሰውዬም "ከጠየቁኝ" ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ግን ለእሱ አልነገርኩትም፤ በእኩለ ሌሊት ሐዲስ መምከር ትዳር አያለማም።

የአገሩ ሕግም በዚህ ላይ ቀልድ የለውም። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የንብረት ደላሎች ሕግ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በቅጽ ሞልቶ እንዲፈርም ያስገድዳል፤ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል። ደላላው ይህ ቅጽ ሳይሞላ ሥራውን መቀበል የለበትም። ውሉ ላይ ብዙ ጊዜ "ቩትስቱትስ" የሚል ቃል ይገባል፣ "እንዳለ፣ ከነጉድለቱ ተሸጧል" ማለት ነው። ነገር ግን ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ያ ቃል አይሸፍንለትም። ስለዚህ የደላላው ሳቅ የሚያስቅ አልነበረም፤ ቅጹ ላይ የሚፈርመው እሱ ሳይሆን እኛ ነን።

በሐምሌ መጨረሻ አንዲት አስተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። ገና ለገበያ አላወጣነውም ነበር፣ በሰው በሰው ሰምታ ነው። ሳሎኑን ወደደችው፤ ቀትር ነበርና ፀሐዩ ወለሉን ሞልቶታል። እናትየዋ ሶፋው ላይ ፀሐዩ ውስጥ ተቀምጠው አልነሳም አሉ። እኛ የጠየቅነው 620 ሺህ ራንድ ነው፣ እሷ ያለ ብዙ ክርክር 600 አለች። ባለቤቴ ዓይኑን ወደ እኔ መለስ አድርጎ ወደ ኋላው ክፍል ወሰዳት፤ ኮርኒሱን አሳየና "ከደቡብ ሲዘንብ እዚህ ያፈሳል" አላት። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። እናትና ልጅ በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። አመስግነው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውላ ሌላ ቤት ማግኘቷን ነገረችን። ስለ ጣሪያው አንድም ቃል አላነሳችም።

ባለቤቴ ሁለት ቀን ብዙ አላወራም። እኔም ዝም አልኩ። 600 ሺህ ራንድ ከበራችን የመለሰ ሰው የሚያጽናና ቃል አይፈልግም፣ ትኩስ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ገንፎ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣሪያ ሠራተኛ ይዞ መጣ።

ሠራተኛው ወጥቶ ሲያየው ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ያለው የብረት ክፈፍ ተነቅሎ ነበር፣ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያም በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ክፈፍ አደረገ፣ ግድግዳውን ትንሽ ቆርጦ አስገባው፣ ሁለት ቆርቆሮ ቀየረ። 4,800 ራንድ ወሰደ። ኮርኒሱን ግን እንዳይቀባ ነገርነው። ጎጎ ከአጥራቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው "ማኮቲ፣ ልትሄዱ ነው የምታሳምሩት?" አሉ። ልጃቸው ቤት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ሳቁ፣ "እሷ ፀሐይ አትወድም" አሉ። ኢምባውላቸውን ግን ሰጡኝ፣ ሜይፌር አፓርታማ ውስጥ የት እንደማስቀምጠው አላህ ነው የሚያውቀው።

በመሃል ስለ ዘካ የምትጠይቁ እህቶች ስላላችሁ፣ የምንኖርበት ቤት ራሱ ዘካ የለበትም። ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በእጃችን አንድ የጨረቃ ዓመት ከቆየና ኒሷብ ከሞላ ግን የገንዘብ ዘካ ይመጣበታል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዐሊም ጠይቁ። የእኔ ድርሻ ዘካ በእኔ ላይ ነው፣ የእሱ በእሱ፤ ስለዚህም ጭምር ነው ድርሻው መለየት ያለበት።

ባለፈው ቅዳሜ ቅጹን ሞላን። እንግሊዝኛውን ትልቋ ልጄ አነበበችልን፤ እኛ መለስን፣ እሷ ጻፈች። ጣሪያው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አቁማ "አሁን ተሠርቷል አይደል? 'አያፈስም' ልበል?" አለች። አባቷ አሰበ። የመጀመሪያው ዝናብ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ክፈፉን ውሃ አልሞከረውም። በቱቦ ውሃ ረጭተንበት ነበር፣ ነፋስ ያለበትን ዝናብ ግን በቱቦ ማምጣት አይቻልም። "እንዲህ ብለሽ ጻፊ" አላት፤ "ከደቡብ በሚመጣ ዝናብ ያፈስ ነበር። በኦገስት ተጠግኗል። ከተጠገነ ወዲህ አልዘነበም።"

ሁለታችንም ከሥር ፈረምን። ሰሌዳው ሴፕቴምበር 1 ይሰቀላል፣ ኢንሻአላህ።